ልጁን ማን ወሰደው ከሚለው ጥያቄ በኋላ

ባልና ሚስት ሲለያዩ ጎረቤቱም ዘመዱም የዕድሩ ሰውም ቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ልጆቹን ማን ወሰዳቸው?» ባለጉዳዮቹም ጉልበታቸውን፣ ገንዘባቸውንና ምስክሮቻቸውን የሚጨርሱት እዚሁ ላይ ነው። ልጁን ሳምንት በመጣ ቁጥር የሚያስለቅሰው ግን ብዙውን ጊዜ የዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሆን ከመልሱ በኋላ ሳይጻፍ የቀረው ነገር ነው። «አባት ልጁን በሳምንት አንድ ቀን ይጎበኛል» የሚል ውሳኔ ይዘው የወጡ ሁለት ሰዎች ገና ከችሎቱ ግቢ ሳይርቁ ይጣላሉ። የትኛውን ቀን? የት ተገናኝተው? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? የነሐሴ የትምህርት ቤት ምዝገባ ከማን ኪስ ይወጣል? አባት ስልኩን ቢዘጋ ቀለቡ በምን ይሰበሰባል?

ከአዲስ አበባ ዳር ለሚኖር ሰው ችግሩ ይበረታል፤ ምክንያቱም ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ይመጡበታል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እናት ቱሉ ዲምቱ፣ አባት አሸዋ ሜዳ ከሆኑ ልጁ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው አባቱን የሚያየው። የአስተዳደር ወሰኑ ቅርብ ነው፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሻገሩ ሕጉም ፍርድ ቤቱም ይለወጣል። ገቢውም ወር ጠብቆ የሚመጣ አይደለም፤ ግንባታ ላይ የሚውል፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ ጉልት የምትቸረችር፣ የእርሻ መሬቱ ተወስዶ ካሳ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ለደመወዝተኛ የተለመደው የአቤቱታ አጻጻፍ ለእነዚህ ሰዎች አይበቃም።

ከወሰኑ እንጀምር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ የኦሮሚያው በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 ወጥቶ ኋላ ተሻሽሏል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አያት ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ጉዳያቸው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ይታያል፤ የከተማው አስተዳደር ፍርድ ቤቶች የፍቺ ክርክር አያዩም። ትንሽ ወጣ ብለው ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ገላን የሚኖሩት ግን ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆኑ የሚሄዱት ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ አቤቱታው በዚያ ቋንቋ ይጻፋል፣ ቋንቋውን የማይችል ሰው ከመጀመሪያው ቀጠሮ አስተርጓሚ ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የወሰን ማካለል ከተደረገ ወዲህ አስተዳደራቸው የተቀየረ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች አሉ፤ ነዋሪው የያዘው መታወቂያ የአንዱ፣ ቤቱ ያለበት መሬት የሌላው የሆነበት አጋጣሚም አለ።

በመርህ ደረጃ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ነው። የተሳሳተ ችሎት ላይ የተከፈተ መዝገብ መጥሪያ ደርሶ፣ መልስ ቀርቦ፣ «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም» የሚል መቃወሚያ ተነስቶበት ይዘጋል። ከሳሽ መብቷን አታጣም፤ ወራት ግን ታጣለች፣ በእነዚያ ወራት ልጁ ያለ ቀለብ ይኖራል። ስለዚህ ከመክፈት በፊት የተከሳሹን መኖሪያ የሚያሳይ ወረቀት ይሰብሰብ፦ የቀበሌ ወይም የወረዳ ደብዳቤ፣ የኪራይ ውል፣ የመብራት ክፍያ። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኦሮሚያ በቋሚነት የሚኖሩ ከሆነ የፌዴራል ሥልጣን ጥያቄ ሊነሳ ስለሚችል ያንን ነጥብ ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ መዝገብ መክፈት አይገባም። ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ከሆነ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብንና የልጅ አሳዳሪነትን ያያል፤ ፈቃዱ የሁለቱም መሆን አለበት፣ የአንዱ ብቻ አይበቃም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የቤተሰብ ሕግ አንቀጾች የፌዴራሉ ናቸው።

የፍቺ አቤቱታ እንደገባ ዋናው ፍርድ እስኪሰጥ መጠበቅ አያስፈልግም። አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ከጋራ ቤቱ ማን ይውጣ የሚለውም በዚሁ ደረጃ ሊወሰን ይችላል፤ ዳኛው ሲወስን የልጆቹን ጥቅም ማየት አለበት። ይህ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ዳኛ ነፍጎት ሳይሆን አቤቱታው ላይ ስላልተጠየቀ ነው። በራፖር ጸሐፊ (በክፍያ ማመልከቻ በሚጽፍ ሰው) የሚጻፉ አቤቱታዎች «ፍቺ ይወሰንልኝ» ብለው ይጨርሳሉ። «ዋናው ጉዳይ እስኪወሰን ድረስ ልጁ ከእኔ ጋር እንዲቆይ፣ ተጠሪ በወር ይህን ያህል ብር እንዲከፍል፣ ልጁን በዚህ ቀን እንዲጎበኝ» የሚል አንቀጽ ከመጀመሪያው መግባት አለበት። ሐሳባቸውን እንዲያጤኑ እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጣቸው ስለሚችል፣ ጊዜያዊ ትእዛዝ የሌለው ልጅ እነዚያን ወራት በዘመድ ችሮታ ነው የሚያሳልፈው።

አሁን ወደ አሳዳሪነት። «ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ የእናት ነው» የሚለው እምነት አሁንም በየሰፈሩ አለ። መሠረት አለው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመት ለእናት እንዲሰጡ ይል ነበር። የ1992ቱ ሕግ ግን ይህን ቁጥር አልያዘም። አንቀጽ 113 ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም አይቶ እንዲወስን ነው የሚለው። የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ ጋር የሚቆየው ዕድሜውና ጥቅሙ ስለሚጠይቅ እንጂ እናት በራሷ ቅድሚያ ስላላት አይደለም። አባትም «ወንድ ስለሆንኩ አይሰጠኝም» ብሎ ከመጀመሪያው መተው የለበትም፤ እናትም «አምስት ዓመት አልሞላውም» በሚል ብቻ ማስረጃ ሳትሰበስብ መቅረብ የለባትም።

የልጁ ጥቅም ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያሳየው በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋዋለች፤ አባት ኋላ መጥቶ አሳዳሪነቱ ለእኔ ይገባል አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነቱን አይተው ፈረዱለት። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን አንቀጽ 3 ጠቅሶ ለልጁ የሚበጀው ከአክስቱ ጋር መቆየቱ ነው ሲል ሻረው። ወላጅ መሆን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ልጅን ለዓመታት ለያዙ አያቶችና አክስቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንደ እኔ እምነት ከዚያ ወዲህ በልጅ ጉዳይ ከተሰጡት ሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ውሳኔ ይህ ነው።

ዳኛ ፊት ክብደት የሚኖረው ልጁን በየቀኑ ማን እንደሚይዘው የሚያሳይ ነገር ነው። የክትባት ካርዱ ማን ዘንድ ነው? የትምህርት ቤቱ መገናኛ ደብተር ላይ የማን ፊርማ አለ? ልጁ ሲታመም የጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ያመጣው ሰው ማን ተብሎ ተጽፏል? እነዚህ «ጥሩ እናት ናት»፣ «ጨዋ አባት ነው» ከሚሉ አምስት ምስክሮች ይበልጣሉ። ችሎቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ልኮ ቤቱን ሊያስጠና፣ ልጁንም ለብቻው ሊያነጋግር ይችላል። ባለሙያው የሚያየው ልጁ የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። የጭቃ ቤት መሆኑ ልጅን አያስነጥቅም፤ ገቢው ያነሰ ወላጅ በዚህ አይሸማቀቅ፣ የገቢውን ጉድለት የሚሞላው ቀለብ ነው። ልጁን «ዳኛው ሲጠይቅህ እንዲህ በል» ብሎ ማስጠናት ግን ክርክርን ያበላሻል፤ የሰባት ዓመት ልጅ የአዋቂ ዐረፍተ ነገር ሲናገር ዳኛው ወዲያው ያውቀዋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ልጁ በወላጁ ላይ የመሰከረ መስሎት ሸክሙን ይዞ ያድጋል።

አሳዳሪነትና ሞግዚትነት ሁለት የተለያዩ ሥልጣኖች መሆናቸውም ይታወቅ። አሳዳሪ የልጁን አካል ይመለከታል፦ መኖሪያውን፣ ጤናውን፣ ትምህርቱን። ሞግዚት የገንዘብ ጥቅሙንና ንብረቱን፦ ውርሱን፣ በስሙ ያለ ሒሳብን፣ በስሙ የሚቀርብ ክስን። በጋብቻ ውስጥ ሁለቱም ወላጆች ሁለቱንም ይይዛሉ። ውሳኔው ላይ አንዱ ብቻ ተጽፎ ሌላው ቢዘነጋ ችግሩ የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ አያት ሞተው ልጁ ውርስ ሲደርሰው ነው። አቤቱታው ላይ ሁለቱንም መጠየቅ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨምረው።

የሚስማሙ ሰዎች መንገዳቸው አጭር ነው። በስምምነት ለመፋታት ምክንያት መግለጽ አይጠበቅባቸውም፤ ፍቺውንና ውጤቱን የሚመለከተውን ስምምነት ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ስምምነቱ ልጁን የማይጠብቅ ከሆነ ዳኛው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ስለ ልጁ ራሱ ሊወስን ይችላል፤ «እናት ቀለብ ላትጠይቅ፣ አባት ልጁን ላያይ» የሚል ድርድር እንዲህ ነው የሚወድቀው፤ ቀለቡም መተያየቱም የልጁ መብት ነው። ሽማግሌዎች ቤት ቁጭ ብለው ያስጻፉት ወረቀት ሦስት ምስክር ፈርሞበት ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ማስፈጸሚያ የለውም። የሽማግሌዎቹ ድካም ዋጋ የሚኖረው ወረቀቱ መዝገብ ላይ ቀርቦ ሲጸድቅ ነው። ችሎቱ ራሱም ባለጉዳዮችን ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ሊልካቸው ይችላል፤ እዚያ የተደረሰበት ስምምነት ሲጸድቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ስምምነቱ ላይ ምን ይጻፍ? የቱሉ ዲምቱዋን እናትና የአሸዋ ሜዳውን አባት እንውሰድ። «በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ» ብሎ መጻፍ ለዚህ ርቀት አይሠራም፤ ልጁ ዕረፍቱን ታክሲ ወረፋ ላይ ይጨርሰዋል። የሚሻለው፦ «በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ እሑድ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት»፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀኑ ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ፣ አለዚያ «ይህ የኔ ሳምንት ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። 10 ሰዓት የተባለው ልጁ ሳይመሽ ገብቶ ለሰኞ እንዲዘጋጅ ነው። መረካከቢያው ከሁለቱ ቤት ይልቅ መሐል ላይ ያለ፣ ሰው የሚበዛበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠብ ባለበት ደግሞ ዓርብ ከትምህርት ቤት አባት አውጥቶ፣ ሰኞ ጠዋት እዚያው ቢመልሰው ወላጆቹ ሳይተያዩ ያልፋል። ትራንስፖርቱን ማን ይችላል? ስንት ደቂቃ ይጠበቃል? አርባ አምስት ደቂቃ ቢባልና ያረፈደው አስቀድሞ ካልደወለ ቀኑ ቢቀርበት፣ በሌላው ወገን ምክንያት ከተሰረዘ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ቢካካስ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል። ወላጁ ባይመች ልጁን መቀበል የሚችሉት ሰዎች በስም ይጻፉ፤ «ከቤተሰብ አንድ ሰው» ማለት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውን ዘበኛ አያሳምነውም።

በዓላት ለብቻቸው ይጻፉ፣ የበዓሉ አንቀጽ ከሳምንቱ አንቀጽ እንደሚቀድምም ይገለጽ፤ ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ስለሆነ ሁለቱ አንቀጾች መጋጨታቸው አይቀርም። በአንድ ዓመት ገናን ከእናት፣ ፋሲካን ከአባት፣ በሚቀጥለው ዓመት ተገልብጦ ቢሆን ሁለቱም ቤት ልጁን በበዓል ያየዋል። ዒድ በጨረቃ ስለሚወሰን ቀን ሳይሆን «ዒዱ በዋለበት ዕለት» ተብሎ ይጻፍ። ክረምቱ ሲከፈል ሐምሌን ከአባት፣ ነሐሴን ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው ወላጅ ጋር ማድረግ ያዋጣል፤ ምዝገባው፣ የዩኒፎርም ልኬቱና የደብተር ግዢው ነሐሴ ላይ ነው የሚወድቀው። ጳጉሜንን ያልጻፈ ስምምነት ደግሞ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ያጣላል፤ አምስቱም ስድስቱም ቀን የማን እንደሆነ ይጻፍ። ገና ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ለእሱ አዳር የሌለው፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚቆይ፣ ግን ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም ጉብኝት ነው የሚሻለው፣ ትንሽ ልጅ የሚረሳውም የሚለምደውም በቶሎ ነውና።

ትምህርት ቤት መቀየር፣ ከባድ ሕክምና፣ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ የሁለቱን ስምምነት ወይም የሠላሳ ቀን ቅድመ ማስታወቂያ እንዲፈልጉ ይደረግ። ፓስፖርቱ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና ልጁን ከአገር ለማስወጣት የጽሑፍ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። ወላጅ አረብ አገር ለሥራ የሚሄድ ከሆነ ልጁን ለአያት ትቶ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ውክልና ለአያቲቱ ይስጥ፣ የተሻለው ደግሞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ያለዚያ አያት ልጁን ለማስመዝገብም ለቀዶ ሕክምና ለመፈረምም ይቸገራሉ።

ወደ ቀለቡ ስንመጣ፣ ሕጉ «ከደመወዙ ይህን ያህል በመቶ» አይልም። መለኪያው ሁለት ነው፦ የሚቀበለው ሰው ፍላጎትና የሚከፍለው ሰው አቅም። ስለዚህ ቁጥሩን ለዳኛው የምታቀርበው ጠያቂዋ ናት። ያልተጠየቀ ዳኝነት አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም፤ ፈርታ 2,000 ብር የጠየቀች እናት ልጁ 9,000 ብር እንደሚያስፈልገው ብትናገርም የምታገኘው ከ2,000 አይበልጥም። ለማሳያ የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ የወር ወጪ እንዲህ ቢሆን፦ የትምህርት ቤት ክፍያ 2,600፣ ሰርቪስ 1,400፣ ምግብ 3,000፣ ከቤት ኪራይ የልጁ ድርሻ 1,500፣ ልብስና ጫማ 500፣ ሕክምና 300፣ ሳሙናና ልዩ ልዩ 300፤ ድምሩ 9,600 ብር ነው። አባት በወር 18,000፣ እናት 9,000 ብር የሚያገኙ ከሆነ በአቅማቸው ልክ ሲከፈል የአባት ድርሻ 6,400፣ የእናት 3,200 ይሆናል። ሕጉ ይህን ስሌት አያስገድድም፤ ከየት እንደመጣ የሚታይ ቁጥር ግን ዳኛም ተከሳሽም በቀላሉ አይጥለውም። ነሐሴ ላይ የሚመጣው የዓመት ወጪ ለብቻው ይጠየቅ፦ «ደረሰኝ በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ይክፈል» በሚል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የዚያ አባት አንድ ሦስተኛ 6,000 ብር ነው። 6,400 ቢፈረድ አሠሪው የሚቆርጠው ቢበዛ 6,000 ነው፤ ቀሪው 400 ብር በየወሩ በሌላ መንገድ እንዲገባ ውሳኔው ላይ ካልተጻፈ ውዝፍ ሆኖ ይጠራቀማል። ሰውየው የብድር ተቀናሽ ካለበት ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል።

ደመወዝ የሌለው ሰው ገቢ የሚረጋገጠው በአካባቢው ባሉ ነገሮች ነው፦ በንግድ ፈቃድ፣ በግብር ወረቀት፣ በተሽከርካሪ ሊብሬ፣ በባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ። ባንኩም የገቢዎች ቢሮውም መረጃውን ለግለሰብ አይሰጡም፤ «ለዚህ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ይጻፍልኝ» ብሎ መሥሪያ ቤቱን በስምና በቅርንጫፍ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀን ሥራ ለሚውል አባት የወር ክፍያ ማስገደድ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ በየቅዳሜው የሚከፈል 700 ብር በወር መጨረሻ ከሚጠበቅ 3,000 ይልቅ ይደርሳል። ገበሬ የሆነ በስምምነት በዓይነት ሊከፍል ይችላል፤ 50 ኪሎ ጤፍ ከተባለ ግን በብር የሚተመንበት መንገድ አብሮ ይጻፍ፣ ቢቀር የሚፈጸመው በገንዘብ ነውና። የእርሻ መሬት ካሳ የሚከፈልበት ቤተሰብ ውስጥ ፍቺ ከተነሳ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ገንዘቡ በአንዱ ስም ወጥቶ ካለቀ በኋላ የሚገኝ ፍርድ ባዶ ነው፤ ካሳው ከመከፈሉ በፊት የእግድ አቤቱታ ገብቶ ትእዛዙ ለከፋዩ ጽሕፈት ቤት እንዲደርስ ያስፈልጋል።

ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ በሕገ መንግሥቱ ከሌላው ጋር እኩል መብት አለው። ልዩነቱ አባትነቱ መረጋገጥ ያለበት መሆኑ ነው። እናትና አባት እንደ ባልና ሚስት አብረው ይኖሩ ከነበረ ያ ግንኙነት ራሱ ይረዳል። ያ ከሌለ አባት በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ልጁን ሊቀበል ይችላል። እምቢ ካለ በክስ ይሄዳል፤ አንቀጽ 143 ከሚቀበላቸው መነሻዎች ውስጥ አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ፣ እንዲሁም ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን በማሳደግና በመንከባከብ መሳተፉ ይገኙበታል። ስለዚህ «ለልጄ ወተት» ብሎ የላከበት የቴሌብር መልእክትና የድሮ የስልክ ጽሑፍ አይጥፋ። የሕክምና ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ያለበት ስለሆነ፣ ሲስማሙ ሳሉ ሁለቱም ወላጆች ቀርበው ቢያስመዘግቡ ኋላ የሚመጣውን ክስ ሁሉ ያስቀራል።

ጠበቃ መቅጠር ለማትችል እናት መንገድ አለ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በድሃ ደንብ እንዲስተናገድ ያመለክታል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቤቱታ ይጽፋሉ፣ ያማክራሉ። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም ቢያንስ የት እንደሚኬድ ያመለክታል።

ፍርድ በእጅ መግባቱ ገንዘብ መግባቱ አይደለም። የፍርዱ ግልባጭ ወጥቶ የአፈጻጸም አቤቱታ ለብቻው ይከፈታል፣ የራሱ የመዝገብ ቁጥር አለው። አሠሪው ታውቆ ከሆነ ትእዛዙ በቀጥታ ለሰው ሀብት ክፍሉ ይጻፋል፣ ገንዘቡም የልጁ አሳዳሪ በከፈተችው ሒሳብ ይገባል። አባት ሥራ ከቀየረ አዲሱ አሠሪ ሌላ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ በዚህ መሐል ሁለትና ሦስት ወር መጥፋቱ የተለመደ ነው። አቅም እያለው እምቢ ያለ የፍርድ ባለዕዳ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሊታሰር ይችላል፤ ለመርዳት የተገደደበትን ቀለብ ያለ በቂ ምክንያት መንፈግም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስጠይቃል። ውዝፍ ግን አይከማች። ሳይከፈልና ሳይጠየቅ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ቀለብ ሊቀር እንደሚችል የቤተሰብ ሕጉ ይናገራል፤ «ይስተካከል ይሆናል» ብላ ዓመት የጠበቀች እናት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ወር እንደቀረ ማመልከት፣ ያም ካልሆነ ጥያቄዋን ቀን ያለበት ጽሑፍ ላይ ማስፈር አለባት።

ከፋዩም ራሱን ይጠብቅ። በእጅ የተሰጠ ብር በክርክር ጊዜ አልተሰጠም ማለት ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር፣ ምክንያቱ ላይ «የታኅሣሥ ወር ቀለብ» ተብሎ ቢላክ ይበቃል። የገዛው ጫማና ያመጣው ዘይት ቀለብ ተብሎ እንዲቆጠርለት ከፈለገ አስቀድሞ ይጻፍ፤ አለዚያ ስጦታ ነው።

በጣም የማዝንበት ነገር ቀለብና ጉብኝት እንደ መያዣ ሲያዙ ነው። «ካልከፈለ አያየውም»፣ «ካላሳየችኝ አልከፍልም»። ሁለቱም ሕገወጥ ነው፤ አንዱ ለሌላው መያዣ አይሆንም። ያልተከፈላት ወደ አፈጻጸም ትሂድ፣ የተከለከለ አባትም እንዲሁ የጉብኝቱ ውሳኔ እንዲፈጸምለት ያመልክት፤ ልጁ በመሐል ወር ሙሉ አባቱን ሳያይ፣ ወይም ከክፍል በክፍያ ምክንያት ወጥቶ መቀመጥ የለበትም። ድብደባ ወይም ስካር ካለ ጉዳዩ ይለያል፤ ያኔ በራስ ውሳኔ መከልከል ሳይሆን ፖሊስ ዘንድ የተሰጠ ቃልና የሕክምና ማስረጃ ይዞ ጉብኝቱ በሦስተኛ ሰው ፊት እንዲሆን ወይም እንዲቋረጥ መጠየቅ ነው።

ስለ ልጅና ስለ ቀለብ የተሰጠ ውሳኔ ለዘላለም አይጸናም። አንቀጽ 113 ሁኔታ ሲለወጥ ፍርድ ቤቱ በራሱ ወይም በአመልካች ጥያቄ እንዲያየው ይፈቅዳል፤ ቀለቡም እንዲሁ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ጭማሪው በራሱ አይመጣም፤ የጤፍ ዋጋ ቢጨምርም ከሦስት ዓመት በፊት የተሰጠ ፍርድ ያው የሦስት ዓመት በፊቱ ቁጥር ነው። በስምምነት የሚለያዩ «በየዓመቱ መስከረም ላይ መጠኑ ይታያል» ብለው ቢጽፉ ሌላ ክስ ይቀራል። ሥራው የጠፋበት አባት ደግሞ ክፍያውን አቁሞ ዝም ማለት የለበትም። የስንብት ደብዳቤውን አያይዞ በዚያው ወር ማሻሻያ ይጠይቅ፤ ዳኛው እስኪቀይረው ድረስ ዕዳው በአሮጌው መጠን ይቆጠራልና፣ የሚችለውን ትንሽም ብትሆን በዚያው ሒሳብ ላይ ማስገባቱን ይቀጥል።